የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ እኛ የተጻፈውን ጥናት በነፃ ማንበብ

ባለፈው እትም ስለ ጥናት ጽሑፎች ክፍት ተደራሽነት፣ ማለትም ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያገኛቸው ስለ ማድረግ፣ በጥቂት መስመሮች ካነሣን ወዲህ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል አምስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረንና የላኪዎቹን ስም ትተን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ መንዝ በግ የተጻፉ ጥናቶችን በኢንተርኔት ስፈልግ ርእሱንና አጽሕሮተ ጥናቱን (አጭር ማጠቃለያውን) አነብባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ገጹ ተዘግቶ ከ30 ዶላር በላይ እንድከፍል ይጠይቀኛል። ጥናቱ የተደረገው ከቤተሰቦቼ ቀዬ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ በእኛው በጎች ላይ ነው። ይህ ለምን ሆነ? በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል? ጓደኞቼ «ከሳይ-ሀብ አውርድ» ይሉኛል።

መልስ፦ የጥናት ጽሑፍ ጸሐፊ ከጆርናሉ አሳታሚ ክፍያ አያገኝም፤ ጽሑፉን የሚገመግሙለት የሙያ አቻዎቹም በአብዛኛው የሚሠሩት በነፃ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ ጸሐፊው የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው የሚያስተላልፍ ውል ይፈርማል፤ ብዙው ሰው ውሉን ሳያነብ ስለሚፈርም ከዚያች ቀን ጀምሮ የገዛ ጽሑፉ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን እንኳ ልብ አይልም። አሳታሚው ጽሑፉን ለቤተ መጻሕፍት በዓመታዊ ክፍያ፣ ለግለሰብ ደግሞ በነጠላ ይሸጠዋል። እርስዎ የተጠየቁት ይህን የነጠላ ዋጋ ነው።

ይህን አሠራር ለመለወጥ የተጀመረው እንቅስቃሴ ዛሬ የመጣ አይደለም። የፊዚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ገና ያልታተሙ ጽሑፎቻቸውን አርካይቭ በተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ለሁሉም ክፍት አድርገው ሲያስቀምጡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 ይፋ የሆነው የቡዳፔስት መግለጫ ደግሞ ለነገሩ «ክፍት ተደራሽነት» የሚል ስምና ትርጉም ሰጠው፦ ማንኛውም ሰው ጽሑፉን ያለ ክፍያ ማንበብ፣ ማውረድ፣ መቅዳት፣ ማተምና ማሰራጨት ይችላል፤ ለጸሐፊው የሚቀርለት ሥራው እንዳይዛባበትና ስሙ በአግባቡ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ነው። ማንበብ መቻልና በጽሑፉ መጠቀም መቻል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ብልሃቱ። በመጀመሪያ የጽሑፉን ሙሉ ርእስ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው በጉግል ስኮላር ይፈልጉና ከውጤቱ ሥር ያለውን «ሁሉንም ቅጂዎች» የሚለውን ማያያዣ ይክፈቱ። አሳታሚው ዘንድ የተዘጋው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ወይም በምርምር ተቋሙ ማከማቻ ውስጥ ተከፍቶ ይገኛል። አንፔይዎል የተባለውን ነፃ መሣሪያ በኮምፒውተርዎ ማሰሻ ላይ ቢጭኑ ይህን ፍለጋ እሱ ራሱ ያከናውንልዎታል። በሁለተኛ ደረጃ ወደ ቤተ መጻሕፍትዎ ሄደው ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ይጠይቁ። ይህ ጅምር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በሂናሪ ስም ለጤና፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 አጎራ ብሎ ለግብርና የከፈቷቸውን አገልግሎቶች በአንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ ስላልሆነ ግን የይለፍ ቃሉ ያለው በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እጅ ነው። በእኔ ልምድ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ መብቱ አለ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ግን ወይ ሥራ ለቅቋል ወይ ስብሰባ ላይ ነው።

ሁለቱም ካልሠሩ ለጸሐፊው ይጻፉ። የኢሜይል አድራሻው በአጽሕሮተ ጥናቱ ገጽ ላይ አለ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆኑ፣ ስለ ምን እንደሚያጠኑ፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደሚፈልጉ። አብዛኛው ጸሐፊ ሥራውን የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ ደስ ብሎት ይልካል።

ሳይ-ሀብን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ይህ የተዘጉ ጥናቶችን በነፃ የሚያቀርብ ገጽ የብዙ ተማሪዎችን ችግር ማቃለሉን ማንም አይክድም። ሆኖም የሚሠራው ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ነው፤ በ2017ም የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአሳታሚው ለኤልሴቪየር 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርዶበታል። ሕጋዊ መንገድ ስለጠየቁኝ ይህ ከሕጋዊዎቹ አንዱ አይደለም።

ጥያቄ፦ በባሶና ወራና ወረዳ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። በአካባቢያችን የባቄላ ቆርምድ ገበሬውን ክፉኛ አስቸግሯል። ስለ በሽታው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በነፃ የሚነበብ ጽሑፍ አግኝቻለሁ። ፎቶዎቹን ጨምሬ ወደ አማርኛ ብተረጉመውና ለቀበሌው ገበሬዎች ባድለው ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ በዚህ ዓምድ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ እጅግ ያስደሰተኝ የእርስዎ ነውና ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጽሑፉን ይክፈቱና በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ፈቃዱ የተጻፈችውን ትንሽ መስመር ይፈልጉ። ክፍት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ክሬቲቭ ኮመንስ በተባለው፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጾቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጡት የፈቃድ ዓይነት ነው። ፈቃዱ «ሲሲ ባይ» (CC BY) ብቻ ከሆነ ጸሐፊዎቹንና ምንጩን ጠቅሰው፣ ትርጉሙም የእርስዎ መሆኑን ገልጸው መተርጎምም፣ ፎቶዎቹን ማተምም፣ ማደልም ይችላሉ፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግዎትም። «ኤንሲ» (NC) የሚል ከተጨመረበት ለንግድ እንዳይውል ከለከለ ማለት ነው፤ እርስዎ የሚያድሉት በነፃ ስለሆነ አይነካዎትም። የሚያስቸግረው «ኤንዲ» (ND) የሚለው ነው። ይህ ጽሑፉ ሳይለወጥ እንዳለ እንዲሰራጭ ብቻ ይፈቅዳል፤ ትርጉም ደግሞ እንደ ለውጥ ይቆጠራል። እንግሊዝኛውን መቶ ጊዜ አባዝተው ማደል ይችላሉ፤ አማርኛውን አንድ ጊዜ ማደል አይችሉም ማለት ነው። የእኛ ተመራማሪዎች ይህን ሳያስተውሉ፣ «ሥራዬን የሚያበላሽብኝ እንዳይኖር» በሚል ቅን አሳብ ኤንዲን እየመረጡ፣ ጥናቱ ከተደረገለት ገበሬ ቋንቋ እንዳይደርስ ራሳቸው በሩን ሲዘጉ ማየት ያሳዝነኛል።

ፈቃዱ ኤንዲ ቢሆን እንኳ ሁለት መውጫ አለዎት። አንደኛው ለጸሐፊው ጽፎ የትርጉም ፈቃድ መጠየቅ ነው። ጸሐፊው መብቱን ለአሳታሚው አስተላልፎ ከሆነም ለማን መጻፍ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። ሁለተኛው ከዚህም ይቀላል፦ ሕግ የሚጠብቀው የጽሑፉን አገላለጽ ነው፤ አሳብን፣ ዘዴንና ግኝትን አይደለም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ጽሑፉን አንብበው፣ ከባቄላው ቅጠልና አገዳ ላይ የሚወጣው እባጭ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ኋላ እንደሚቡን፣ መቼ እንደሚታይና ምን መደረግ እንዳለበት በራስዎ አማርኛ ቢጽፉ የማንንም መብት አልነኩም። ፎቶውንም ከጽሑፉ አይውሰዱ። ማለዳ ውርጩ ሳይለቅቅ ማሳ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት፤ ከጽሑፉ ፎቶ ይልቅ በስልክዎ ያነሡት የገዛ ቀበሌዎ ባቄላ ለገበሬው የበለጠ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ያገኙት ጽሑፍ የቅርብ መሆኑን ያረጋግጡ። ስለ ቆርምድ በነፃ የሚገኙት ብዙዎቹ ጽሑፎች የበሽታውን አምጪ ኦልፒዲየም ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን እውነተኛው አምጪ ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ተዋሕሲ መሆኑን አሳይቷል። ክፍት የሆነውን አሮጌ ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ባለሙያ የቆየውን ስም እየደገመ ይኖራል፤ ተዋሕሲው ሌላ ከሆነ ደግሞ ስለ አኗኗሩና ስለ መከላከያው የሚሰጠው ምክርም እንደገና መታየት አለበት። የጥናት መዘጋት ጉዳቱ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን ተቋማት በሪሰርች ፎር ላይፍ መመዝገብ ስለሚችሉም የወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ቢጠይቁ የሚጠቀሙት እርስዎ ብቻ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። «ጽሑፍዎን በአምስት ቀን ውስጥ በክፍት ጆርናላችን እናትምልዎታለን፤ 150 ዶላር ብቻ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል በየሳምንቱ ይደርሰኛል። የማዕረግ እድገት ጊዜዬ ደርሷል። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። በአቻ የሚገመገም ጽሑፍ በአምስት ቀን አይታተምም፤ ገምጋሚ ለማግኘት ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። እኔ ራሴ ዕድሜዬን በካታሎግ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ስሆን፣ ባለፈው ዓመት የአንድ የልብ ሕክምና ጆርናል አርታኢ ቦርድ አባል እንድሆን «በላቀ አስተዋጽኦዎ ተደንቀን» የሚል ግብዣ ደርሶኛል።

ክፍት ተደራሽነት ሁሉ ጸሐፊውን ያስከፍላል ማለት ግን ስሕተት ነው። አንዳንዱ ጆርናል በእርግጥ ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር የተባለው ታዋቂ የሳይንስ ጆርናል አንድን ጽሑፍ ክፍት አድርጎ ለማተም የተመነው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። ታላላቅ አሳታሚዎች ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚተዉበት አሠራር ስላላቸው፣ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። በሌላ በኩል ከጸሐፊም ከአንባቢም የማያስከፍሉ፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በሙያ ማኅበራት የሚደገፉ በርካታ ጆርናሎች አሉ፤ ዶአጅ (DOAJ) በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ከተመዘገቡት አብዛኞቹ ጸሐፊውን አያስከፍሉም። ጆርናሉን በዚያ ማውጫ ይፈልጉት። የአርታኢዎቹን ስም ይዘው በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ያለፉ እትሞቹንም ከፍተው ሁለት ጽሑፍ ያንብቡ። በሆሄያት ስሕተት የተሞላ ጽሑፍ ካገኙ ገምጋሚ እንዳላየው ዕወቁ። ደግሞም ትምህርት ሚኒስቴር ለአገር ውስጥ ጆርናሎች ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ ለማዕረግ እድገት የሚያገለግለው የትኛው እንደሆነ ከምርምር ጽሕፈት ቤትዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ መምህር ነኝ። በ2004 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪዬን ስጨርስ በመንዝ ስላለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ከእሱ የወጣ አንድ ጽሑፍም በውጭ አገር ጆርናል ታትሟል። የአካባቢው ሰው «ስለ እኛ የጻፍከውን አሳየን» ይለኛል። ሁለቱንም በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ስለ መመረቂያ ጽሑፍዎ ከመመለሴ በፊት አንድ ያጋጠመኝን ላውጋዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በአንድ ተቋም የትምህርት ክፍል ውስጥ የነበረ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈልጌ እንድሰጠው ለመነኝ። ጽሑፉ ያለው በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው አዲስ አበባ ሄዷል ተባልን። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት በጥቁር ጥራዝ፣ ርእሱ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ፣ ማንም ገልጦት የማያውቅ የሚመስል ጽሑፍ አገኘን። ከኋላ ሽፋኑ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ሲዲም ነበረ። ተማሪው ሲዲውን አገላብጦ አይቶ «ጋሼ፣ ይህን የሚያነብ ኮምፒውተር የት አለ?» አለኝ። ስለ ባዕድ አሳታሚዎች ዋጋ ስንማረር፣ በገዛ እጃችን ቆልፈን ስላስቀመጥነው ግን ብዙም አንናገርም።

የመመረቂያ ጽሑፉን ተማሪ ሳሉ የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 አጠራር የሥራው አመንጪ እርስዎ ነዎት፤ ዩኒቨርሲቲው ሲመረቁ ያስፈረመዎት የተለየ ቅጽ ካለ ግን እሱን ይመልከቱ። ፋይሉ በእጅዎ ካለ ወደተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይላኩና በዲጂታል ማከማቻው እንዲገባ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያቀርብበት ማከማቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በተቋሙ ማከማቻና ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል። ስለዚህ ጥያቄዎ ውለታ የመለመን ሳይሆን ፖሊሲው እንዲፈጸም የመጠየቅ ነው።

በጆርናል የታተመውን በተመለከተ ሦስት ቅጂ እንዳለ ይወቁ፦ መጀመሪያ ለጆርናሉ የላኩት፣ ከግምገማ በኋላ አርመው ተቀባይነት ያገኘው፣ እና አሳታሚው በራሱ ገጽ አቀማመጥ ያወጣው። ሦስተኛው የአሳታሚው ነው፤ አይንኩት። ሁለተኛውን ግን ብዙ አሳታሚዎች ከተወሰኑ ወራት በኋላ በተቋም ማከማቻ ማስቀመጥን ይፈቅዳሉ። የእርስዎ ጆርናል ምን እንደሚፈቅድ ቀድሞ ሼርፓ ሮሚዮ፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር በሚባለው ነፃ ገጽ ላይ ስሙን ጽፈው ያገኙታል። ይህን ሁለተኛ ቅጂ ብዙ ሰው ስለማያስቀምጠው ኋላ ይቸግረዋል፤ በአሮጌው ኢሜይልዎ ውስጥ ለአርታኢው ከላኩት ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ይገኝ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ያነጋገሯቸው የመንዝ አባቶችና እናቶች ስማቸው፣ መንደራቸውና የተናገሩት በአባሪው ውስጥ ካለ ከመክፈትዎ በፊት ያውጡት፤ የቀይ ቀበሮ ጉድጓዶች የሚገኙበትን ትክክለኛ ሥፍራ የሚያሳይ ካርታ ካለም እንዲሁ። ጓሳ ራሱ በጥንቱ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ፣ ለአጨዳ ሲከፈትም በተወሰነ ደንብ ነበር የሚከፈተው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ለአካባቢው ሰው ደግሞ መቶ ገጽ እንግሊዝኛ ከማሳየት ይልቅ አራት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጽፈው በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጡ የጠየቀዎት ሁሉ ያነብልዎታል።

ጥያቄ፦ ከምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ የምጽፍ ዲያቆን ነኝ። የአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በደርግ ጊዜ ፎቶ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ሄደዋል ይባላል። እውነት ነው? ማየትስ ይቻላል?

መልስ፦ የሄደው ፎቶው ነው፤ ብራናዎቹ በየቦታቸው ቀርተዋል። የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢኤምኤምኤል (EMML)፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱ ብራናዎችን ፎቶ አንሥቷል፤ ከሸዋ ገዳማትና አድባራትም ብዙ አሉበት። ቅጂዎቹ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በብራናዎቹ ካታሎጎች ዝግጅት አብዛኛውን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእርስዎው የሸንኮራ ሰው ነበሩ፤ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው ተወልደው በ2021 አርፈዋል። ቤተ መጻሕፍቱ በከፈተው የኢንተርኔት የንባብ ክፍል በነፃ ተመዝግበው በርካታዎቹን ብራናዎች ገጽ በገጽ ማየት ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ብራና ኢኤምኤምኤል የሚል ምልክትና ቁጥር ስላለው በዚያ ይፈልጉ። የቤተ ክርስቲያንዎ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ መገመት ስለሚያስቸግር በሁለት በሦስት አጻጻፍ ይሞክሩ። ምስሉ ያልተከፈተ ካገኙ ቁጥሩን ጠቅሰው ለቤተ መጻሕፍቱ ይጻፉ፤ ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፈው ከላኩልን ወደ እንግሊዝኛ መልሰን እናስተላልፍልዎታለን።